የአርሶ አደር ውሻ፦ የቦርደር ቴሪየር አመጣጥ፣ ጠባይና አያያዝ

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር




በየሥልጠናው ስለ ወተት ላም፣ ስለ በግ ማድለብ፣ ስለ ዶሮና ስለ ንብ ደጋግመን እንነጋገራለን። ዛሬ የምናነሳው ግን በአብዛኞቻችን ግቢ ያለ፣ ነገር ግን በቤተሰብ ዕቅዳችን ውስጥ ቦታ ያላገኘ እንስሳ ነው። እርሱም ውሻ ነው። የበሬውን መኖ እናሰላለን፤ ላሟ መቼ እንደተከተበች እናስታውሳለን። ውሻችሁ መቼ ተከተበ? ምን ይበላል? የቡችሎቹ አባት የትኛው ነው? ተብለን ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን መልስ የለንም።

ለውይይታችን እንዲመች አንድ የውጭ አገር ዝርያ በምሳሌነት ወስጃለሁ። ስሙ ቦርደር ቴሪየር ይባላል። ይህን ዝርያ አምጥታችሁ አርቡ ለማለት አይደለም። የመረጥኩት ያወጡት ሰዎች እንደ እናንተው በግ የሚያረቡ የኮረብታ አገር ገበሬዎች በመሆናቸው ነው። ቤተ ሙከራ አልነበራቸውም፤ የማዳቀያ ጣቢያም አልነበራቸውም። የነበራቸው ነገር ሥራውን የሚችለውን ውሻ ለይቶ ማስቀረትና በወጉ መያዝ ብቻ ነበር። ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ጥሩ ውሻ የሚገኘው በምርጫና በአያያዝ ነው፤ ያልተመረጠና ያልተያዘ ውሻ ደግሞ ለቤተሰብም ለከብትም አደጋ ነው።

1. የዝርያው አመጣጥ

«ቴሪየር» የሚለው ስም መነሻው «ቴራ» የተባለው የላቲን ቃል ነው። ትርጉሙም መሬት ማለት ነው። ቴሪየር ማለት እንግዲህ አውሬ ተከትሎ መሬት ውስጥ፣ ማለትም ጉድጓድ የሚገባ ውሻ ነው። ቤተሰቡ ሰፊ ነው። እንደ ኤርዴል ያለ ትልቅ ውሻም፣ እንደ ጃክ ራስል ያለ ትንሽ ውሻም በዚሁ ስም ይጠራል። አብዛኞቹ የወጡት ከብሪታንያ ነው።

ቦርደር ቴሪየር የመጣው በእንግሊዝና በስኮትላንድ ወሰን ላይ ከሚገኙት የቼቪዮት ኮረብቶች አካባቢ ነው። ስሙም ከዚሁ የተያያዘ ነው፤ «ቦርደር» ወሰን ማለት ነው። ከዚያ በፊት በአካባቢው ባሉ ሸለቆዎች ስም ኮኬትዴል ቴሪየር፣ ሬድስዴል ቴሪየር እየተባለ ይጠራ ነበር። የቼቪዮት ከፍተኛው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 815 ሜትር ነው። ይህ ከእኛ ደጋ ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። ሆኖም አገሩ ወደ ሰሜን የራቀ በመሆኑ ብርዱ፣ ነፋሱ፣ ጭጋጉና ዝናቡ ብርቱ ነው። የዚያ አገር ገበሬ ኑሮው በግ ነው፤ ቼቪዮት የሚባለው የታወቀ የበግ ዝርያም የወጣው ከእነዚሁ ኮረብቶች ነው።

የእነዚህ ገበሬዎች ችግር ቀበሮ ነበር። በጎቹ በሚወልዱበት ወቅት ቀበሮ ግልገል ይወስዳል። ትላልቅ አዳኝ ውሾች ቀበሮውን ሲያባርሩት ወደ አለት ስንጥቅና ወደ ጉድጓድ ይገባል። ትልቅ ውሻ እዚያ ሊከተለው አይችልም። ስለዚህ ገበሬው ሁለት ነገር አንድ ላይ የሚችል ውሻ አስፈለገው። አንደኛ፣ ፈረስ እየተከተለ ቀኑን ሙሉ ኮረብታ ለኮረብታ መሮጥ የሚችል። ሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ ጠባቡ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቀበሮውን ማስወጣት የሚችል። እግሩ በጣም አጭር ከሆነ ፈረሱን አይከተልም፤ ደረቱ በጣም ሰፊ ከሆነ ጉድጓዱ አያስገባውም። ቦርደር ቴሪየር በእነዚህ ሁለት ፍላጎቶች መካከል የተገኘ ውሻ ነው።

ምርጫው የተካሄደው በሥራ ነው። ሥራውን የሠራ ውሻ ይወልዳል፤ ያልሠራ አይወልድም። ይህ ለብዙ የውሻ ትውልዶች ቀጠለ። በብሪታንያ የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው ኬኔል ክለብ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ቦርደር ቴሪየርን በዝርያነት የተቀበለው ግን እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ዝርያው እንዲመዘገብ የማይፈልጉ አርቢዎችም ነበሩ። ፍርሃታቸው ውሻው ለውድድር መድረክና ለውበት ሲመረጥ ሥራውን ይረሳል የሚል ነበር። ዛሬም የዝርያው መመዘኛ ሰነድ ይህ ውሻ በመሠረቱ የሥራ ውሻ እንደሆነና ፈረስ መከተል መቻል እንዳለበት ያስቀምጣል።

የቴሪየር ሥራ በቀበሮ ብቻ አያበቃም። በእንግሊዝ ገጠር የእህል ክምር በሚወቃበት ጊዜ ገበሬዎች ቴሪየሮቻቸውን በክምሩ ዙሪያ ያቆሙ ነበር። ነዶው እየተነሳ ሲሄድ በውስጡ የተሸሸገው አይጥ ይወጣል፤ ውሻውም እየያዘ በፍጥነት አራግፎ ይጥለዋል። በአውድማ ላይ የክምር መጨረሻው ሲነሳ አይጥ እንዴት እንደሚበተን የምታውቁ ሁሉ የዚህ ሥራ ጥቅም ይገባችኋል።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በውሻ አውሬ ማደን በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2002፣ በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጡ ሕጎች በእጅጉ ተገድቧል። በቴሪየር አይጥ ማደን ግን አልተከለከለም፤ እስካሁንም በእርሻ ግቢዎች ይሠራበታል። የሆነ ሆኖ አብዛኛው ቦርደር ቴሪየር ዛሬ የሚኖረው በቤት ውስጥ፣ ከቤተሰብ ጋር ነው።

2. አካላዊ አቋም

ቦርደር ቴሪየር ትንሽ ውሻ ነው። ወንዱ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሴቷ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ግራም ተኩል ትደርሳለች። እያንዳንዱ የአካሉ ክፍል ከሥራው ጋር የተያያዘ ምክንያት አለው።

• ደረቱ፦ ጠባብ ነው። አርቢዎች የሚለኩት በሜትር ሳይሆን በእጅ ነው። ከትከሻው ኋላ በሁለት እጅ ሲያዝ ጣቶች መገናኘት አለባቸው። ደረቱ ከዚህ ከሰፋ ቀበሮ የገባበት ጉድጓድ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል።
• ቆዳው፦ ወፍራምና ልል ነው። አውሬ ቢነክሰው ጥርሱ በቀላሉ ሥጋ ላይ አይደርስም።
• ጠጉሩ፦ ሁለት ድርብ ነው። ላዩ ሻካራ፣ ውስጡ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዝናብና ብርድ ይከላከላል።
• እግሩ፦ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ረዘም ይላል፤ ፈረስ ተከትሎ እንዲሮጥ ነው።
• ጅራቱ፦ አጭር ሆኖ ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ነው።
• ቀለሙ፦ ቀይ፣ የስንዴ ቀለም፣ ቡናማ የተቀላቀለበት ግራጫ ወይም ሰማያዊ መሳይ ጥቁር ሊሆን ይችላል። ለሥራው ቀለም ለውጥ ስለማያመጣ አርቢዎቹ አንዱን ቀለም ብቻ አልመረጡም።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ልብ በሉ። እኛ ቡችላ ስንመርጥ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምናየው ቀለሙን ነው።

3. ጠባይ

የቴሪየርን ጠባይ ለመረዳት ሥራውን ማሰብ ይበቃል።

በመጀመሪያ፣ በራሱ የሚወስን ውሻ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የጌታው ድምፅ አይደርሰውም። ወደፊት ልሂድ ወይስ ልመለስ ብሎ የሚወስነው ብቻውን ነው። ይህ ጠባይ በቤትም አይለቀውም። ሲጠሩት ወዲያው የማይመጣው ስላልገባው ሳይሆን ሌላ ነገር ስለያዘ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትዕግሥት ይፈልጋል። በዱላ የሚማር ውሻ አይደለም፤ ሲመታ ወይ ይፈራል ወይ እልህ ይይዛል። በትንሽ ቁራሽ ምግብና በምስጋና ግን ፈጥኖ ይማራል።

ሁለተኛ፣ የሚሮጥ ነገር ያሳድዳል። አይጥ፣ ጥንቸል፣ የጎረቤት ድመት፣ አንዳንዴም ዶሮ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከዶሮና ከበግ ጋር ያልተለማመደ ቴሪየር በዶሮ መካከል ብቻውን ሊለቀቅ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ይቆፍራል። መቆፈር ለቴሪየር ጥፋት ሳይሆን ውርስ ነው። አጥር ሥር ቆፍሮ ይወጣል፤ የአትክልት መደብ ይገለብጣል። ሥራና እንቅስቃሴ ያላገኘ እንደሆነ ይህ ይብሳል፤ ጩኸትም ይጨምርበታል። «መጥፎ ውሻ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሥራ የፈታ ውሻ ነው።

አራተኛ፣ ከሰውና ከሌላ ውሻ ጋር ተስማሚ ነው። ከሌሎች ቴሪየሮች ይልቅ ቦርደር በዚህ ይታወቃል። ከብዙ አዳኝ ውሾች ጋር አብሮ ይሮጥ ስለነበር ተጣይ የሆነ ውሻ ለሥራው አይመችም ነበር። ልጆችንም ይወዳል። ሆኖም ትንሽ ልጅና ውሻ ያለ አዋቂ ብቻቸውን አይተዉም፤ ይህ ለማንኛውም ዝርያ የሚሠራ ሕግ ነው።

አምስተኛ፣ ሕመሙን ይደብቃል። ቆስሎም ሥራውን ይቀጥላል። ባለቤቱ ካልዳሰሰውና ካላየው የታመመ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ቦርደር ቴሪየር እንግዳ ሲመጣ ይጮኻል እንጂ ግቢ የሚጠብቅ ውሻ አይደለም። ጅብና ነብር ባለበት አገር 6 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ራሱ የሚበላ ነው። ከብት ጠባቂ የሚፈልግ ገበሬ ቴሪየር ማምጣቱ ለወተት ብሎ የእርሻ በሬ እንደመግዛት ነው። «የውጭ ዝርያ ስለሆነ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ የሚያስከስረን እዚህ ላይ ነው። ዝርያ የሚመዘነው ለምን ሥራ ወጣ ተብሎ ነው። በአገራችን ደጋ ሌሊት ጉሮኖ ሥር የሚያድረው፣ የጅብ ድምፅ ሲሰማ የሚነሳው ውሻ በራሱ ሥራ የተፈተነ ነው። የጎደለው ዝርያ ሳይሆን አያያዝ ነው።

4. አያያዝ

ከዚህ በታች የምዘረዝረው ለቦርደር ቴሪየር የሚደረግ ነው። አብዛኛው ግን በእናንተ ግቢ ላለው ውሻም ይሠራል።

ሀ/ ምግብ። ጎልማሳ ውሻ በቀን ሁለት ጊዜ ቢመገብ ይመረጣል። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ በአጠገቡ መኖር አለበት። ውሻ በዋናነት ሥጋ በል ስለሆነ በእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ ጤናውን አይጠብቅም፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብም ያስፈልገዋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። ስለዚህ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ትራፊ መስጠት ተገቢ አይደለም። ዘቢብና ቸኮላትም ለውሻ መርዝ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስለሚሾል አንጀት ይወጋል።

በቦርደር ቴሪየር ላይ የታየ አንድ ለየት ያለ በሽታም አለ። ውሻው ራሱን ሳይስት ሰውነቱ በድንገት ይኮማተራል፤ መቆምና መራመድ ያቅተዋል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይተወዋል። ይህ በሽታ በስንዴና በገብስ ውስጥ ካለው ግሉተን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ምግባቸው ከግሉተን ነጻ ሲደረግ ብዙዎቹ ውሾች ተሽሏቸዋል። የአንድ ዝርያ ጥቂት አባቶችና እናቶች ሲደጋገሙ መልካሙ ብቻ ሳይሆን በሽታውም አብሮ እንደሚወረስ ከዚህ እንማራለን።

ለ/ ጠጉር። የዚህ ውሻ ሻካራ ጠጉር በመቀስ አይቆረጥም። በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል የሞተው ጠጉር በጣት እየተያዘ ይነቀላል። ሲበስል በቀላሉ ስለሚለቅ አያሳምምም። በመቀስ ከተቆረጠ ጠጉሩ እየለሰለሰ ሄዶ ዝናብ መከላከሉን ይተዋል። በየሳምንቱ ማበጠርም ያስፈልጋል። ዋናው ጥቅም ውበት አይደለም፤ እግረ መንገድ መዥገር፣ ቁንጫ፣ ቁስልና እብጠት ይገኛል። ሕመሙን የሚደብቅ ውሻ የሚታወቀው በእጅ ሲዳሰስ ነው።

ሐ/ እንቅስቃሴና ሥልጠና። ቴሪየር ሰንሰለት ላይ ውሎ የሚያድር ውሻ አይደለም። በየቀኑ መሮጥ አለበት። ቡችላ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ያየውንና የለመደውን ነገር በኋላ አይፈራም፤ አያጠቃምም። በግ፣ ዶሮ፣ ሕፃን፣ እንግዳ ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ በገመድ ተይዞ በእርጋታ ይለማመድ። ዕድሜው ካለፈ በኋላ ማስተማሩ እጅግ ይከብዳል።

መ/ አይጥና መርዝ። አይጥ የሚያድን ውሻ ባለበት ግቢ የአይጥ መርዝ አይበተንም። መርዝ የበላ አይጥ ውሻውንም ሊገድለው ይችላል። በተጨማሪም አይጥ በሽንቱ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለ በሽታ ያስተላልፋል። ይህ በሽታ ውሻንም ሰውንም ይይዛል፤ በብሪታንያ ውሾች ይከተቡለታል።

ሠ/ እርባታ። ሴቷ ውሻ ቡችሎቿን የምትሸከመው 63 ቀን ገደማ ነው። የቡችሎቹ ዓይን የሚገለጠው በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ቀን መካከል ነው። ከእናታቸው ከስምንት ሳምንት በፊት ባይለዩ ይመረጣል። አባትን ከልጁ፣ ወንድምን ከእህቱ ማዳቀል በላሞቻችን ላይ የምንጠነቀቀውን ያህል በውሻም ላይ ጥንቃቄ ይሻል። ለዘር የማይፈለገውን ማኮላሸት፣ ሴቷንም በባለሙያ ማምከን የባለቤት ኃላፊነት ነው። ጌታ የሌለው ውሻ የሚበዛው ጌታ ካለው ውሻ ተወልዶ ነው። በደንብ የተያዘ ቦርደር ቴሪየር 12 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል።

5. የእብድ ውሻ በሽታ

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን ወደ ሰው የሚተላለፈው በዋናነት በውሻ ንክሻ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን በክትባት ይከላከሉታል።

የቴሪየር አገር የሆነችው ብሪታንያም በዚህ በሽታ ተሠቃይታለች። የውሾችን አፍ በአፈሙዝ በማሰር፣ ባለቤት የሌላቸውን በመቆጣጠርና ከውጭ የሚገቡትን ለብቻ በማቆየት እ.ኤ.አ. በ1902 ከበሽታው ነጻ ሆነች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጋር በ1918 ተመልሶ ገባ፤ እንደገና በጥብቅ ቁጥጥር በ1922 ተወገደ። ዛሬ ከአፈሙዝ የተሻለ መሣሪያ አለን። እርሱም ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 ከመቶው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ውሾችን በመርዝ መግደል ግን መፍትሔ ሆኖ አልተገኘም። የሞቱትን ተክተው ያልተከተቡ አዳዲስ ቡችሎች ይመጣሉና።

ከእብድ ውሻ በሽታ ራሳችንን ለመጠበቅ፦

• ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያም የእንስሳት ጤና ባለሙያው በሚነግራችሁ ጊዜ ይደገም።
• የውሻ ጠባይ በድንገት ቢለወጥ፣ ለሃጩ ቢዝረበረብ፣ መዋጥ ቢያቅተው፣ ድምፁ ቢለወጥ ወይም ያለ ምክንያት ቢናከስ አትቅረቡት፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። አንዳንዱ የታመመ ውሻ አይቆጣም፤ ፈዝዞና ደንዝዞ ይተኛል። እርሱም እኩል አደገኛ ነው።
• ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። የባህል መድኃኒት ክትባትን አይተካም።
• ልጆች የሚተኛ፣ የሚበላ ወይም ቡችላ የምታጠባ ውሻ እንዳይነኩ አስተምሯቸው። የተነከሰ ልጅ ቅጣት ፈርቶ እንዳይደብቅ ከወዲሁ ንገሩት።
• በእብድ ውሻ የተነከሰ ከብት ታርዶ አይበላ።

ጉዳቱ በሰውና በከብት አያበቃም። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ 500 ገደማ ብቻ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 ከእረኛ ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በሰሜን ተራሮችና በጓሳም ቀይ ቀበሮ አለ። እዚያ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ውሻውን ሲያስከትብ ልጁንም የአገሩንም ሀብት ይጠብቃል።

6. ኮሶና አዙሪት

በግ ባረባበት ቤት ውሻ ካለ ሁለት የኮሶ ዓይነቶች ያሰጉናል። አንደኛው በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያወጣል። ስናርድ «ሳንባው ተበላሽቷል» ብለን የምንጥለው ይህን ነው። ስንጥለው ውሻው ይበላዋል፤ ኮሶው በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ወጥቶ ግጦሹን፣ ውሃውንና ጓሮውን ይበክላል። በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ ልጃችንም ውሻውን ነክቶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይወስደዋል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ የሚወጣው ከረጢት ቀዶ ሕክምና እስከመጠየቅ ይደርሳል።

ሁለተኛው በበግ አንጎል ውስጥ የሚቀመጥ ነው። በጉ አንገቱን አዘንብሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል። «አዙሪት» የምንለው በሽታ አንዱ መንስኤ ይህ ነው። የሞተውን በግ ጭንቅላት ለውሻ ከጣልንለት በሽታውን ለሚቀጥለው ዓመት ዘራነው ማለት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የተበላሸ ሳንባ፣ ጉበትና ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ አይሰጥ፤ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበር። ቴሪየር እንዴት እንደሚቆፍር አይተናል፤ የእኛም ውሻ አያንስም። ውሻው በባለሙያ ምክር የኮሶ መድኃኒት በየጊዜው ይውሰድ። ቤተሰቡ ውሻ ነክቶ ሳይታጠብ አይብላ።

7. ከቼቪዮት ገበሬዎች ምን እንውሰድ?

ውሻቸውን አንውሰድ፤ አሠራራቸውን እንውሰድ። ቡችላ ከማስቀረታችሁ በፊት እናትና አባቱን ተመልከቱ። ሌሊት ነቅተው ይጠብቃሉ? ግልገል አይነኩም? የቤት ልጅና መንገደኛ ይለያሉ? ጤነኞች ናቸው? ለእነዚህ ጥያቄዎች «አዎ» የሚል መልስ ካለ ከዚያ ቤት ቡችላ ውሰዱ። ግልገል የሚበላ ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ውሻ፣ የፈለገውን ያህል ግዙፍና መልከ መልካም ቢሆን፣ ለዘር አይቅር። የክትባቱን ቀን፣ የኮሶ መድኃኒት የወሰደበትን ቀንና የቡችሎቹን ወላጆች ላሞቻችሁን በምትመዘግቡበት ደብተር ላይ ጻፉ። ቼቪዮቶቹ ይህን ያደረጉት አንድ ትውልድ ብቻ አይደለም። እናንተም ውጤቱን በሦስተኛውና በአራተኛው ወሊድ ማየት ትጀምራላችሁ።

ሞዴል አርሶ አደር የተባላችሁት ጎረቤት አይቶ ስለሚከተላችሁ ነው። የአንድ ሰው ውሻ ብቻውን ቢከተብ መንደሩ አይድንም። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ አሥር አባወራዎችንና እማወራዎችን ይዛችሁ በቀጣዩ የክትባት ቀን ውሾቻችሁን በገመድ አስራችሁ እንድትመጡ አደራ እላለሁ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ተረታችን። የታማኝነቱን ነገር እርሱ ድርሻውን ይወጣል። ምን እንደበላ፣ መቼ እንደተከተበና ከማን እንደተወለደ ማወቅ ግን የእኛ ድርሻ ነው።



የቡድን መወያያ ጥያቄዎች

1. በግቢያችሁ ያለው ውሻ ዋና ሥራው ምንድን ነው? ለዚያ ሥራ የመረጣችሁት ምን አይታችሁ ነው?
2. በቀበሌያችሁ ውሾችን በአንድ ቀን ለማስከተብ የሚያስቸግረው ምንድን ነው? እንዴት ይፈታል?
3. በበዓላት ቀን የሚታረዱ እንስሳት የተበላሸ ሳንባና ጉበት የት ይጣላል? ማን ኃላፊነት ይውሰድ?